ሁለት ቪትዝ፣ አንድ ዳገት

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተነጋግረው የመጡ ይመስላሉ። ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከሸኖ። ሁሉም የሞተር ጥያቄ ነው፣ አብዛኛውም መጨረሻው ጣርማበር ዳገት ላይ ይደርሳል። ጣርማበር መኪናን ከባለቤቱ ያስተዛዝባል። የጎማና የቀለም ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ታገሱኝ፤ ዛሬ ሲሊንደርና ቫልቭ ላይ ነን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 2001 ሞዴል ቪትዝ አለኝ፣ አራት ሲሊንደር። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ 2007 ሞዴል ቪትዝ ገዛ፣ የሱ ሶስት ሲሊንደር ነው። ሁለቱም 1000 ሲሲ ይባላሉ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስንወጣ የሱ ረጋ ብላ ትወጣለች፣ የኔ ካልጮኸች አትሄድም። ነዳጅም የሱ ትቆጥባለች። መካኒኬ ግን «ሶስት ሲሊንደር ማለት አንድ እግሩን ያነከሰ በሬ ነው» ይለኛል። ማነው ልክ? *ዳገት ያሰለቸው*

መልስ፦ መካኒክዎ ሲናገር ያምርበታል። እዚህ ጋ ግን ተሳስቷል።

እስቲ ሁለቱን ሞተሮች ገልጠን እንያቸው። በእርስዎ ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር 69 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚመላለሰው ደግሞ 66.7 ሚሊሜትር ነው። አጠር ደንደን ያለ ጣሳ ይበሉት። በአዲሱ ስፋቱ 71፣ ምልልሱ 84 ሚሊ ገደማ ነው። ይሄ ዘለግ ይላል። አንዱ 250 ሲሲ ገደማ በአራት፣ ሌላው 332 ገደማ በሶስት። ሲደመሩ ሁለቱም 1000 አይሞሉም፣ 997 አካባቢ ናቸው፤ የጎደለችውን ሶስት ሲሲ ግን ሻጩ አይመልስልዎትም።

ድምሩ እኩል ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከእሳቱ ዙሪያ ካለው ብረት። ቤንዚን ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት ሁሉ ፒስተን አይገፋም። ከፊሉ በግድግዳው ሾልኮ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ ከፊሉ በማርሚታ ይወጣል፣ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ጋ የሚደርሰው በደህና ቀን ከሲሶ ብዙም አይበልጥም። ቡናን ጀበናው ውስጥ ቢተዉት ለሁለተኛው ዙር ትኩስ ሆኖ ይጠብቅዎታል፤ ያንኑ ቡና ሰፊ ትሪ ላይ ቢያፈሱት የደብረ ብርሃን ብርድ ወዲያው ይወስደዋል። ቡናው ያው ነው፣ የተጋለጠው ገጽ ነው የለያየው።

ነገሩን በሒሳብ ሞክሬው ነበር። ሁለቱንም ሞተሮች 10 ለ1 (የገባውን አንድ አስረኛ እስኪሆን) የሚጨምቁ ቀጥ ያሉ ጣሳዎች አድርጌ ያዝኩና፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ እሳቱን የከበበውን ብረት ደመርኩ። የእርስዎ አራቱ ሲሊንደሮች አንድ ላይ 360 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ያጋልጣሉ። የሱ ሶስቱ 300 ገደማ። እውነተኛው የማቃጠያ ክፍል ጣሪያው ጎበጥ ያለ ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ይለዋወጣል፤ ግን ሙቀት የሚሰረቅበት ገጽ በአንድ ስድስተኛ ያህል መቀነሱን ያሳያል። በዚያ ላይ አንድ ፒስተን ቀነሰ፣ ከነፋሻው (ፒስተኑን ከሚከብበው ቀለበት) ከነኩሽኔታው። ሰበቃውም አብሮ ቀነሰ። የነዳጁ ቁጠባ አንድም ከዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ቀጭንና ረጅም ሲሊንደር አይሰራም? ምክንያቱም ፒስተኑ ይሮጣላ። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ሲዞር የእርስዎ ፒስተን በአማካይ በሰከንድ 13 ሜትር ይጓዛል፣ የሱ 17 ሊደርስ ምንም አይቀረው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ሰበቃው ይከብዳል፣ ብረቱም ይጨነቃል። ሰፊ ሲሊንደር ደግሞ ትልልቅ ቫልቭ ያስቀምጣል፣ ከፍ ባለ ዙር ላይ እንደ ልቡ ይተነፍሳል። የውድድር መኪና ሞተር ሰፊና አጭር የሆነው ለዚህ ነው። ስፋቱ ከበዛ ግን እሳቱ ከካንዴላ እስከ ግድግዳ የሚሄደው መንገድ ይረዝማል። በ3000 ዙር ክራንኩ አንዴ ለመዞር 20 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጅበት፣ ለቃጠሎው የሚደርሰው ከዚያ ውስጥ ሶስት ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያች ቅጽበት እሳቱ ካልደረሰ ጥጉ ላይ ያለው ጋዝ ተራውን ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ዳገት ላይ ሲረግጡ ጠጠር በጣሳ እንደተናጠ የሚሰማው ድምፅ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል፣ ጋራዥ ውስጥ ሁሌ ስለምሰማው። «ስትሮኩ (የፒስተኑ ምልልስ) ረጅም ስለሆነ የክራንኩ ክንድ ረዘመ፣ ስለዚህ ጉልበት ጨመረ» ይባላል። እውነት አይደለም። ሲሲው እኩል ከሆነ ክንዱ በረዘመ ልክ የፒስተኑ ፊት ይጠባል፣ የሚገፋው ጉልበትም ይቀንሳል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። የሁለቱ ቪትዞች የፋብሪካ ጉልበት ራሱ ተቀራራቢ ነው፣ ሁለቱም 70 ፈረስ ገደማ። ያውም ባሕር ጠረፍ ላይ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን 72 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም የምትነዱት 50 ፈረስ ነው፤ ሀያው ከተማዋ ሳይገባ ቀርቷል።

እና የእርስዎ ለምን ትጮኻለች? የማርሽ ልዩነት ይኖራል፣ እድሜም አለ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው የቫልቭ ሰዓቱን ነው። ሁለቱም ሞተሮች ቪቪቲአይ አላቸው፤ የኢንቴክ (የአየር ማስገቢያ) ቫልቭ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት በዘይት ግፊት የሚያስቀድም የሚያዘገይ ማለት ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ከቆየ ጭቃው የዘይት መቆጣጠሪያውን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱም፣ አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ ይቀራል። በዝቅተኛ ዙር የሚያስፈልገውን ሰዓት አያገኝም፣ ስለዚህ ጩኸት ላይ ብቻ ይነቃል። ያቺን መቆጣጠሪያ አስፈትተው ያስጸዱ። ቀላል ስራ ነው። መኪናውን ለመሸጥ ከመወሰንዎ በፊት ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ? መሐል ሜዳ አስተማሪ ነኝ። የድሮ ኮሮላ አለኝ፣ 1600 ሲሲ፣ አስራ ስድስት ቫልቭ። የታይሚንግ ቺንጋ (ክራንኩንና ካምሻፍቱን የሚያገናኘው) ከተቀየረ ወዲህ መነሻ ላይ ጉልበት አጣች። ፍጥነት ከያዘች በኋላ ግን ደህና ናት፣ እንዲያውም ከበፊቱ ትሻላለች። ሌላ መካኒክ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ የሚጨምቅበትን ግፊት) ለካና አራቱም ሲሊንደር 115 እና 118 ፒኤስአይ መካከል ነው፣ ፋሻ አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ አለኝ። ላውርደው? *የመንዝ አስተማሪ*

መልስ፦ እባክሽ እህቴ፣ እንዳታወርጂው! ቢያንስ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ።

መጀመሪያ ኑዛዜ። ከብዙ ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ኮሮላ መጣልኝ። ኮምፕሬሽን ለካሁ፣ 130 አነበበ። የፋብሪካው መጽሐፍ 190 ገደማ ይላል፣ ከ140 ካነሰ አውርዱት ይላል። አወረድኩት። ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ተነሳ፣ ፒስተን ወጣ፣ ፋሻው እንደ አዲስ ነው። ሲሊንደሩ ላይ የፋብሪካው ጭረት ራሱ አልጠፋም። ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው «ምን አገኘህ?» ሲሉኝ የመለስኩት መልስ አሁንም ያሳፍረኛል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጤነኛ ሞተር 130 ነው የሚያነበው። አየሩ ራሱ ሳስቶ ነው የሚገባው፣ ሲጨመቅም ከዚያው ልክ ነው። መሐል ሜዳ ደግሞ ከደብረ ብርሃንም ከፍ ትላለች።

ስለዚህ የአንቺ 115 እንደሚመስለው አስደንጋጭ አይደለም። ከሚጠበቀው ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ አዎ። ግን አራቱም እኩል ነው ዝቅ ያሉት። ፋሻ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ተስማምቶ አያልቅም፤ አንዱ 130፣ አንዱ 90 ይላል። አራቱ ባንዴ እኩል የወረዱት አራቱን ባንዴ የነካ ነገር ስላለ ነው። ያ ደግሞ ቺንጋው ነው።

ቫልቭና ሰዓት እንዴት እንደሚገናኙ ልንገርሽ። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል። ሰው የሚያስበው ፒስተኑ ታች ሲደርስ ኢንቴክ ቫልቭ ይዘጋል ብሎ ነው። አይዘጋም። ፒስተኑ ተመልሶ መውጣት ከጀመረ በኋላ ክራንኩ 40 ወይም 50 ዲግሪ እስኪዞር ድረስ ክፍት ይቆያል። ለምን? የመናኸሪያውን ሚኒባስ አስቢ። ሰው እየሮጠ እየገባ ከሆነ ብልህ ረዳት በሩን ትንሽ አዘግይቶ ነው የሚዘጋው፤ ሞልቷል ሲባልም በግፊያው ሁለት ሰው ይጨመራል። አየርም እንዲሁ ነው። በከፍተኛ ዙር እየተንደረደረ ስለሚመጣ ፒስተኑ እየተመለሰ እንኳ መግባቱን አያቆምም። በዝቅተኛ ዙር ግን የሚሮጥ የለም። በሩ ክፍት ከቆየ የተቀመጡትም ይወርዳሉ። ፒስተኑ ያስገባውን ራሱ መልሶ ይገፋዋል።

አሁን ያንቺን ምልክት አንብቢው፦ መነሻ ላይ ደካማ፣ ፍጥነት ላይ ከበፊቱ የተሻለ፣ ኮምፕሬሽን አራቱም ትንሽ ዝቅ ያለ። በሩ ዘግይቶ እየተዘጋ ነው። ቺንጋው አንድ ጥርስ ዘሎ ነው የተገጠመው። በክራንኩ በኩል ያለው ጥርስ 20 ነው ብንል አንድ ጥርስ ማለት 18 ዲግሪ ነው፤ የቫልቩን ሰዓት ለማበላሸት ከበቂ በላይ። ወደ ፊት ቢዘል ኖሮ ተቃራኒው ይሆን ነበር፤ መነሻው ደህና፣ ፍጥነት ላይ ትንፋሽ ማጠር።

ማረጋገጫው የግማሽ ቀን ስራ ነው። የቺንጋው ክዳን ይነሳ። ክራንኩ አንደኛው ፒስተን ጫፍ ላይ እስኪደርስ በእጅ በቁልፍ ይዙር፣ በሞተሪኖ አይደለም። የክራንኩ ምልክትና የካምሻፍቱ ምልክት ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው ወይ? አይተሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ካስተካከሉት በኋላም ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ምልክቱን ደግመው ያሳዩሽ፤ ቺንጋው ሲወጠር ጥርስ የሚዘለው እዚያ ጋ ነውና። ሰዓቱ ልክ ሆኖ አሁንም ዝቅ ካለ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት አስጨምረሽ ዳግም አስለኪ። ከፍ ካለ ያኔ ፋሻ ነው፣ ካላለ ቫልቭ ነው። ያኔ ስለ ማውረድ እናወራለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሸዋ ሮቢት ባጃጅ ነው የምሰራው። ቫልቩ ቲክ ቲክ ይል ነበርና አንድ ልጅ አጥብቆ ዝም አሰኘልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት እንቢ ትላለች፣ ከሞቀች ደግሞ ሶስት ሰው ጭና አቀበት አትወጣም። ምን ሆነችብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቲክ ቲኩ ደሞዟ ነበር፣ ቆረጣችሁባት።

ቫልቭና ገፊው መካከል ሆን ተብሎ የሚተው ክፍተት አለ፣ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ አካባቢ ወይም ከዚያም ያነሰ። ፀጉር የሚያህል ነገር። ሞተሩ ሲሞቅ የቫልቩ ዘንግ ስለሚረዝም ነው የተተወው። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ ቀድሞ ይከፈታል፣ ዘግይቶ ይዘጋል፣ ሲግል ደግሞ ጭራሽ አይገጥምም። ያልገጠመ ቫልቭ የጨመቅከውን ያስተነፍሳል። ጠዋት እንቢ ያለችህ ለዚያ ነው።

የከፋው የማርሚታው ቫልቭ ነው። እሱ የሚቀዘቅዘው ቁጭ ሲል ነው። ከሙቀቱ ሶስት አራተኛውን ያህል የሚያወጣው መቀመጫው ላይ ባረፈባት ቅጽበት ነው፣ እንደ ተሸካሚ። ማረፊያ ከነሳኸው ጠርዙ ይቃጠላል፣ ከተቃጠለ ደግሞ ማስተካከል የለም፣ መቀየር ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሶስት ሰው ጭነህ ብዙ ጊዜ የለህም።

ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ይደር። ጠዋት ሳታስነሳ በክፍተት መለኪያዋ ስስ ብረት፣ በራሷ በባጃጇ መጽሐፍ ልክ፣ ሁለቱንም ቫልቭ አስተካክል። በጆሮ አይስተካከልም። ያስተካከለልህ ልጅ በጆሮው ነው የሰራው ብዬ እገምታለሁ። ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ሲሄድ ክፍተቱ በራሱ እየጠበበ ይመጣል፣ ስለዚህ ማንም ሳይነካት ዝም ካለችም ደስ አይበልህ።

ጥያቄ፦ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ማርሽ አውጥቼ ብወርድ ነዳጅ ይቆጥባል አይደል?

መልስ፦ ኢንጀክሽን መኪና ከሆነ አይቆጥብም። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል። ማርሽ ስታወጣ ግን ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እንዲቆይ መርጨት ይጀምራል። ፍሬኑ ስለሚግል አደጋውን ደግሞ ታውቀዋለህ። ተው።

ጥያቄ፦ ከሸኖ ነው የምጽፈው። 1600 ላዳ አለኝ፣ ነዳጅ ትጠጣለች፣ ዳገት ትፈራለች። ቴስታታውን አንድ ሚሊ አስልጠው፣ ኮምፕሬሽኗ ይጨምራል፣ ከፍታውን ትክስበታለህ ተባልኩ። ይሆናል ወይ? *የላዳ ፍቅር*

መልስ፦ ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። ሞተር ይበልጥ በጨመቀ ቁጥር ከዚያው ቤንዚን ብዙ ስራ ያወጣል። ሒሳቡን ብቻ ካየን 7 ለ1 ከሚጨምቅ ሞተር ላይ ቢበዛ 54 በመቶ፣ ከ10 ለ1 ላይ 60 በመቶ፣ ከ13 ለ1 ላይ 64 በመቶ ይወጣል። በእውን የሚገኘው የዚህ ግማሽ ገደማ ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ ሞተር ቶሎ አያንኳኳም (ያ ጠጠር በጣሳ የመሰለው ድምፅ)፣ የሚጨመቀው አየር ሳስቷልና።

አሁን ወደ ላዳህ። ሲሊንደሯ 79 በ80 ሚሊ ነው፣ የምትጨምቀው 8.5 ለ1። አንድ ሚሊ ቢላጥ ወደ 9.3 ገደማ ትወጣለች። ትርፉን አሰላሁት፤ ከ3 በመቶ አይሞላም። ከፍታው ግን ሩቡን ወስዶብሃል። ሶስት ለማምጣት ትለጣለህ፣ ሃያ አምስቱ እዚያው ይቀራል።

ሌላም አለ፣ የሚነግርህ የለም እንጂ። የላዳ ካምሻፍት ቴስታታው ላይ ነው ያለው። ቴስታታው ሲላጥ ካምሻፍቱ ወደ ክራንኩ ይጠጋል፣ ሰንሰለቱ በአንድ በኩል ይላላል፣ የቫልቩ ሰዓት ትንሽ ይዘገያል። የመንዟ አስተማሪ ላይ የደረሰው በትንሹ አንተም ላይ ይደርሳል፤ ዳገት ላይ የምትፈልገውን የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ነው የምታጣው። ከዚያ አንድ ቀን ዘመድ ጥየቃ ሸዋ ሮቢት ትወርዳለህ። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም አለ። ስትመለስ አቀበቱ ስር ማንኳኳት ትጀምራለች፣ ማንኳኳት ደግሞ ከቴስታታው ስር ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ ይበላል፣ ከባሰም ፒስተን ይበሳል። ቴስታታ የሚላጠው ሲጣመም ነው፣ እስኪስተካከል ብቻ።

የላዳህ ችግር ካርቡራተሩ ይመስለኛል። ካርቡራተር ከፍታ አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። ካንዴላውን ፍታና እየው። እንደ ምጣድ ሥር ጠቁሮ ጥላሸት ከያዘ ያልተቃጠለ ቤንዚን እየከፈልክበት ነው። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀዳዳ አንድ ቁጥር ጠበብ ባለች አስቀይር፣ የእሳቱን ሰዓት ሁለት ሶስት ዲግሪ አስቀድም፤ የሳሳ አየር ቀስ ብሎ ነውና የሚቃጠለው። ቆላ ስትወርድ ትመልሰዋለህ። ካንዴላው ሲፈታ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ያኔ ቴስታታውን እርሳው። የማስላጫውን ብር ለቫልቭ ማስተካከያና ለአዲስ ሰንሰለት አድርገው፤ የላዳህን ዕድሜ ባትነግረኝም ሰንሰለቱ ተለጥጦ እንደሚሆን እወራረዳለሁ።